በክርስትና ስም የተጻፈው ደብተር

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሲበርድልኝ እጽፈዋለሁ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅሁ፤ አልበረደልኝም። ስለዚህ እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ቁጣዬን ከነትኩሳቱ ቻሉልኝ። ስሜ ትዕግሥት ነው። ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ይቅር ይበለኝ እንጂ እኔና ስሜ ከተጣላን ቆይተናል።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበርሁ። ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። የቀበሌውን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹን የደረሰባቸው ይበቃቸዋል። ተወልጄ ያደግሁት ዳንግላ ከተማ ነው። አባቴ ከሌላ አገር የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እናቴ የከተማ ልጅ፣ ቤታችን ጴንጤ ነው። የምንጸልየውም የምንጣላውም በአማርኛ ስለሆነ አገውኛ የምሰማው ገበያ ስወጣ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከገጠር የሚመጡትን ልጆች አነጋገር እየቀዳን እንስቅባቸው ነበር። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። የሳቅሁበት ቋንቋ ኋላ አፌን ዘግቶ አስቀመጠኝ።

በተመደብሁ በሁለተኛው ወር አንዲት ወላድ መጣች። የሚያስተረጉምላት የባሏ ወንድም ነበር። እሷ እያለቀሰች፣ እጇን እያወናጨፈች ረጅም ታወራለች። እሱ ወደ እኔ ዞር ይልና «ደህና ነኝ ነው የምትልሽ፣ ሲስተር» ይለኛል። ደግሞ ታወራለች። «ወገቧን ትንሽ አሟታል» ይለኛል። ለካ ሴትዮዋ የሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ ሁለት ቀን ሆኗታል! ይህ ለባል ወንድም እንዴት ይነገራል? ብትነግረውስ እሱ ይህን ለኔ እንዴት አፉን ሞልቶ ይናገረዋል? ልጇን በሰላም ተገላገለች፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። ዳንግላ ተወልጄ፣ የአገሩን ሴት ምጥ በሰው አፍ የምሰማ! አገውኛን እማራለሁ ብዬ ማልሁ።

በስልኬ አንድ ቪዲዮ አገኘሁ። ሰውዬው ቃል እንዴት በቶሎ እንደሚያዝ ያስተምራል። አንደኛ፣ የማታውቀውን ቃል ከምታውቀው ነገር ጋር አጋጥመህ በሐሳብህ ሣለው፤ ሥዕሉ አስቀያሚ ወይም አስደንጋጭ ከሆነ አትረሳውም ይላል። በአገውኛ ደም «ብሪ» ነው። እኔም ደም የነካው መቶ ብር በሐሳቤ ሣልሁ፤ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። ሁለተኛ፣ አሳምረህ የምታውቀውን መንገድ በሐሳብህ እየሄድህ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ቃል አስቀምጥ፤ ኋላ በዚያው መንገድ በሐሳብህ ስትመለስ ቃሉን ካስቀመጥህበት ታነሣዋለህ ይላል።

አሳምሬ የማውቀው መንገድ ነበረኝ። ከጤና ጣቢያው በር ተነሥቶ ቁልቁል እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶ ሽቅብ እስከ ቀርከሃው ዳር ድረስ አሥራ አራት ቤት አለ። በየሳምንቱ እርጉዞችን ለማየት እሄድበታለሁ። ደብተር ገዛሁ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ሰጠሁ፤ አናቱ ላይ የቤቱን እመቤት ስም፣ ከሥሩ ቃላቱን በአገውኛ፣ ከጎናቸው እንዳልረሳቸው ትንንሽ ሥዕል። ዐይን፣ እባብ፣ ቢላዋ፣ ሆዷ የተከፈተ ሴት። አማርኛውን አልጻፍሁትም፤ ሰውዬው ካዩት አይያዝም ብሏላ!

አሁን ሞኝነቴን ስሙ። ደብተሩ ቢጠፋ የሰው ስም አደባባይ እንዳይወጣ ብዬ፣ ሰው ሁሉ የሚጠራቸውን ስም ተውሁና የክርስትና ስማቸውን ጻፍሁ። ስሙን ያወቅሁት ከማዋለጃው ክፍል፣ የቀረውንም በየቤቱ ስዞር አማቶች ለእርጉዞቹ ሲጸልዩ ሰምቼ ነው። ምጥ ሲጠና እናትና አማት «ማርያም ማርያም፣ እገሊትን ፍቻት!» እያሉ ሲማጸኑ እሰማለሁ። በእኛ ቤት የክርስትና ስም የለም። ሰው ይህን ስም ከንስሐ አባቱና ከቅርብ ዘመዱ በቀር እንደማያስነካው፣ ክፉ ደብተራም የሚፈልገው ይህንኑ ስም እንደሆነ፣ ድግምት የሚደገመው በዚህ ስም እንደሆነ ማን ነገረኝ? ማንንስ ጠየቅሁ? ብልህ ነኝ ብዬ ሰው ሁሉ በሚሸሽገው ስም ሥር እባብና ቢላዋ ሣልሁ።

የመጨረሻው ቤት፣ ቀርከሃው ዳር ያለው፣ የይመኙሻል ነው። ይመኙሻል የሃያ አምስት ዓመት ሴት፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ እኔ አገውኛ ስሞክር ሆዷን ይዛ የምትስቅብኝ። ባለፈው ወሊዷ ደም ፈሷት ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰች። አሁን ደግሞ ልትወልድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ልጁ በሆዷ ውስጥ አግድም ተኝቶ አገኘሁት። እንዲህ የተኛ ልጅ በምጥ አይወለድም። ወይ እንጅባራ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ይወጣል፣ ወይ እናትና ልጅ አብረው ይሞታሉ። ባሏን አለኸኝን አስቀምጬ ነገርሁት። ገባው። ቅዳሜ ጠዋት በቃሬዛ አስመጥቷት ጤና ጣቢያችን ካለው የእናቶች ማቆያ ልትገባ፣ ሰኞ በአምቡላንስ ወደ እንጅባራ ልትሄድ ተስማማን። ደብተሬ ላይ ያለው የእሷ ገጽ ደግሞ የሚከተለውን ይላል፦ ወለተ ሥላሴ። ደም። ልጅ። ሞተ። አፈር። ለአዋላጅ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት የአደጋ ቃል ነው ብዬ ያጠናሁት ነው። ከወንዙ ማዶ የመጨረሻ ቤት ስለሆነች የመጨረሻዎቹ ቃላት እዚያ ወደቁ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ጠበቅሁ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ቀኑ ገበያ ነውና መንገዱ በሰውና በጋሪ ተሞልቷል፤ ሁሉም ያልፋል፣ ወደኛ በር የሚዞር የለም። አራት ሰዓት ሲሆን ዘበኛው ጋሽ ውበቱ መጣና አጠገቤ ቆመ። ሽማግሌ ነው፣ ወሬ አይወድም።

«ሲስተር፣ አትጠብቂያት። አትመጣም።»

«ለምን? ምጥ ያዛት እንዴ?»

«ሰው ያወራል።»

«ምን ያወራል ጋሽ ውበቱ? ይንገሩኝ እንጂ!»

መሬት መሬቱን አየ። «ትደግማለች አሉሽ። የሴቶቹን የክርስትና ስም ጽፋ ደምና ሞት ትጠራባቸዋለች አሉሽ። ትናንት ጠላ ቤት ደረጀ በስልኩ ያነበው ነበር። እኔም ነበርሁ፣ ልዋሽሽ አልችልም።»

ደረጀ የመድኃኒት ቤታችን ሠራተኛ ነው። የእንጅባራ ልጅ፣ አገውኛ እንደ ውሃ የሚፈሰው፣ ጨዋታ አዋቂ የሚባል። ወደ መድኃኒት ቤቱ የሄድሁት እየሮጥሁ ነው። የሆነ ካርቶን እየከፈተ ያፏጫል።

«ደረጀ፣ ደብተሬን ነክተሃል?»

ሳቀ። «ውይ ሲስተር! ጠረጴዛ ላይ ጥለሽው ሄደሽ ነው እኮ። አራት ገጽ ፎቶ አነሣሁ፣ በቃ። ቀልድ ነው!»

«አንተ አገውኛ ታውቃለህ። ቃል እያጠናሁ እንደሆነ ታውቃለህ። ምን እንደሚመስልም ታውቃለህ!»

«አውቃለሁ እንጂ! እሱ አይደል ያሳቀኝ? ሥዕሉማ ቁርጥ የደብተራ ክታብ! ‹የሲስተር ትዕግሥት መጽሐፈ ድግምት› ብዬ አነበብሁላቸው።»

«እነሱስ ሳቁ?»

ካርቶኑን መክፈት ተወ። «መጀመሪያ ሳቁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ስሞቹን ስጠራ አንዱ የሚስቴ ስም ነው አለ። ሌላውም እንደዚያው። ዝም አሉ። እኔም ተውሁት።»

ደሜ ፈላ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የዚህ ሰውዬ ግን ወለምታ እንኳ አይደለም፣ እያወቀ ነው የረገጠው። አንድ ሰው ሳያውቅ ቢያጠፋኝ እችላለሁ። ይህ ግን ስሙ ምን ማለት እንደሆነ፣ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ እኔ ለምን እንደጻፍሁት፣ ሦስቱንም ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነው! ሦስቱን አንድ ላይ የሚያውቅ በዚያ አገር እሱ ብቻ ነበር።

«ተነሥ» አልሁት። «አብረን እንሂድ። ቀልድ ነበር ብለህ በአገውኛ ንገራቸው። ይመኙሻል ልጇ አግድም ነው፣ ካልመጣች ትሞታለች።»

«ዛሬ ተረኛ አይደለሁም፣ ለዕቃ ቆጠራ ነው የገባሁት። ደግሞ አሁን ብሄድ እኔንም ይደበድቡኛል። ይበርድላቸዋል ባክሽ፣ አታካብጂው።»

አታካብጂው አለኝ! ከመደርደሪያው አንድ ነገር አንሥቼ ልወረውርበት እጄ ተዘርግቶ ነበር፤ እጄን መለስሁና «እግዜር ይይልህ» ብዬ ወጣሁ። ለአምቡላንሱ ሹፌር ስደውል ኔትወርክ የለም። ጋሽ ውበቱን «እስኪያነሣ ድረስ ይደውሉልኝ፣ ግምጃ ቤት መንገድ ላይ ይጠብቀን» አልሁና ቦርሳዬን ከነደብተሩ ይዤ ቁልቁል ወረድሁ።

በዚያ መንገድ ስሄድ ሁልጊዜ ከየአጥሩ «ሲስተር፣ ነይ እንጂ ግቢ!» የሚል ድምፅ ነበር የሚከተለኝ። የዚያን ቀን አንድም አልሰማሁ። ከመጀመሪያው ቤት ሴትዮዋ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ስታየኝ ገባች። ከሦስተኛው ቤት ሰላም ስል ልጅቷ ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት እናቷ እጇን ይዛ ጎተተቻት። በእጄ ያዋለድሁት ልጅ ነው እናትየዋ ጀርባ ላይ ያለው! ከሰባተኛው ቤት አንዲት አሮጊት ሦስት ጊዜ አማተበችብኝ። እኔም በየቤቱ ሳልፍ፣ ሳልወድ በግድ፣ ያስቀመጥኋቸው ቃላት እየተነሡ ከፊቴ ድቅን ይሉ ነበር። ሌባ። መርዝ። ቁስል። አበደች። ቪዲዮው ውሸት አልነበረም፤ አንዱም አልጠፋኝም። አፍሬ፣ ተናድጄ፣ መሬቱን እያየሁ ወንዙን ተሻገርሁ።

ቀርከሃው ዳር ስደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ድምፅዋን ከአጥር ውጭ ሰማሁት። ምጥ ይዟታል። በሩ ላይ የአለኸኝ እናት እማማ ዘውዴ ቆመዋል፣ ከኋላቸው አለኸኝ ዱላ ይዞ።

«እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንች ከጻፍሽው ጀምሮ» አሉኝ።

«እባክዎ ያሳልፉኝ። ልጁ አግድም ነው። እዚህ አይወለድም።»

«ሦስት ልጅ በዚህ ቤት ወልጃለሁ። ማንም ስሜን ስላልጻፈብኝ ወለድሁ።»

ወደ አለኸኝ ዞርሁ። «አለኸኝ፣ ባለፈው ሳምንት ነግሬህ ገብቶህ ነበር። አንተ ራስህ ተስማምተህ!»

«ገብቶኝ ነበር» አለ። «ትናንት ስልኩን አሳዩኝ። የሚስቴ የክርስትና ስም። ከሥሩ ደም፣ ልጅ፣ ሞተ፣ አፈር። የሚስቴን የክርስትና ስም እኔ እንኳ ከሰው ፊት አልጠራውም። አንች ከየት አመጣሽው?»

«የቃል ጥናት ነው! አገውኛ ልማር ብዬ ነው!»

«አገውኛ የሚማር ሰው ‹እንዴት አደርሽ›ን ይማራል እንጂ!»

ከውስጥ ይመኙሻል ጮኸች፤ ጩኸቱ ምጥ ከሰው ጉልበት ሲያልፍ የሚሰማው ዓይነት ነው። ያን ጊዜ አእምሮዬ ጠፋ። እሳት ለበስሁ። በአማርኛ ስጮህ የማይሰሙኝ መስሎኝ፣ ጎረቤት ሴቶችም ከአጥሩ ዳር ተሰብስበው ነበርና ለእነሱም ይግባቸው ብዬ፣ ባለኝ አገውኛ ሁሉ ጮህሁ። ያለኝ አገውኛ ምን ነበር? «ደም!» አልሁ። «ልጅ ይሞታል! ትሞታለች! አፈር! ደም!»

የጻፍሁትን በአፌ ደገምሁት። ከገዛ በራቸው ላይ ቆሜ፣ ቃል በቃል፣ አንድም ሳላዛንፍ። አንዷ ሴት ጆሮዋን ያዘች። አለኸኝ ዱላውን አነሣ፤ ቢመታኝ እንኳ ያን ጊዜ አልፈርድበትም ነበር።

«እባካችሁ» ማለት ፈለግሁ፤ በአገውኛ አላውቀውም። «ይቅርታ» ማለት ፈለግሁ፤ አላውቀውም። «አይዞሽ ይመኙሻል፣ አለሁልሽ» ብዬ በአጥሩ ላይ ልጮህላት ፈለግሁ። አሥራ አራቱንም ቤት በሐሳቤ ዞርሁ፤ አንዱም ቤት አይዞሽን አላስቀመጥሁበትም። ከስድስት ወር ጥናት በኋላ የሰበሰብሁት የሚያስደነግጠውን ብቻ ነበር፤ የማይረሳው እሱ ነዋ! መሬት ላይ ተቀመጥሁና እንደ ልጅ አለቀስሁ። ያለቀስሁት ከሐዘን ይልቅ ከንዴት ነው፤ በደረጀ፣ በቪዲዮው ሰውዬ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ።

እማማ ዘውዴ ጥቂት አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ደብተሩን አምጭው።»

አወጣሁላቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ለአለኸኝ ሰጡት፣ ገጹን ፈልጎ አገኘው። ሥዕሉን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ስሟን ሰርዥ» አሉኝ። «በእሷ ፋንታ ስምሽን ጻፊበት። የእናትሽንም ስም። ያ ያልሽው ሁሉ ባንች ይሁን። ያኔ ምራቴን እሰጥሻለሁ።»

«እማማ፣ እኔ በዚህ አላምንም።»

«ካላመንሽ ምን ያስፈራሻል?»

እስክሪብቶ አወጣሁ። ወለተ ሥላሴ የሚለውን ሰረዝሁ። እዚህ ላይ ግን አልዋሻችሁም። እኔ፣ ድግምት የደካሞች ፍርሃት ነው እየተባልሁ ያደግሁት፣ ደም፣ ልጅ፣ ሞተ፣ አፈር ከሚል ገጽ አናት ላይ የራሴን ስም መጻፍ አቃተኝ። ገና ልጅ አልወለድሁም። ወደፊት የምወልደው ልጅ ከፊቴ መጣብኝ። የሰው ስም ስጽፍ ግን፣ አሥራ አራት ጊዜ ስጽፍ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላመነታሁም ነበር! እንደ ምንም ጻፍሁት፦ ትዕግሥት፣ የአልማዝ ልጅ። አለኸኝ ጮክ ብሎ አነበበው። እማማ ዘውዴ ገጹን ቀደዱና አጣጥፈው በመቀነታቸው ቋጠሩት።

«ግቢ» አሉኝ።

ስገባ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ያንኑ እየደጋገምን ተከራክረናል! ሆዷን ነካሁት። የልጁ ልብ ይመታል፣ ግን ቀስ እያለ ነው። ይመኙሻል እጄን ያዘችና በአገውኛ አንድ ነገር አለችኝ። አልገባኝም። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ያ ሁሉ ሆኖ አልገባኝም። እማማ ዘውዴ «አትልቀቂኝ ነው የምትልሽ» አሉኝ።

ቃሬዛው ከቀርከሃ በአንድ አፍታ ተሠራ፤ ሸካሚ ነው የጠፋው። ወንዱ ገበያ ሄዷል፣ ያሉትም ድግምት ያለበትን ሰው አንሸከምም ብለው ራቅ ብለው ቆሙ። እማማ ዘውዴ ከደጃፋቸው ወጥተው የተናገሯቸውን አሁን እንኳ ሙሉውን አልተረዳሁትም፤ ገጹ ያለበትን መቀነታቸውን እየመቱ ነበር የሚናገሩት። አራት ሰው መጣ። እየተቀያየርን፣ ወንዙን በጥንቃቄ ተሻግረን፣ ሽቅቡን እየሮጥን መንገድ ዳር ወጣን። አምቡላንሱ አልደረሰም። የገበያ ጋሪ አስቁመን ጫንናት፤ ባለጋሪው እህሉን ሜዳ ላይ አራግፎ ነው ያፋጠነልን፣ ፈጣሪ ይስጠው። ግምጃ ቤት መግቢያ ላይ አምቡላንሱ አገኘን፤ ጋሽ ውበቱ ለካ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቶ ስልኩን አልተወውም። እኔ በመንገዱ ሁሉ እጇን አልለቀቅሁም፤ የልጁን ልብ ግን ከግምጃ ቤት በኋላ ሳዳምጥ አልሰማሁትም። ለሷ አልነገርኋትም። አብረውን ለተሳፈሩት ለእማማ ዘውዴም አልነገርኋቸውም፤ ዐይኔን አይተው አወቁ።

እንጅባራ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ቶሎ ቀደዷት። ደም አስፈለጋት፤ አለኸኝ ሰጠ፣ እኔም ሰጠሁ። ይመኙሻል ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ጠዋት ብትደርሱ ኖሮ ሁለቱም ይተርፉ ነበር» አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም፤ ማለትም አላስፈለገውም።

ሰኞ ደረጀን ለአለቆቻችን ከሰስሁት። ጽሑፍ አስገባሁ፣ ተጠራን፣ ተቀመጥን። «በሥራ ባልደረቦች መካከል የተፈጠረ አለመግባባት» ተብሎ ተጻፈ። እንድንታረቅ ተመከርን። አለመግባባት! ደረጀ እንባ አውጥቶ «በቀልድ ነበር» አለ፤ እንባው እውነት ነበር፣ እሱን አልክድም። እንባ ግን ልጅ አይመልስም። ከጥቂት ወር በኋላ ተዛውሮ ወደ ጫግኒ ሄደ፤ ዛሬም ጨዋታ አዋቂ ነው አሉ።

እዚያ አገር ሰው አሁንም «ልጁን የገደለው ደብተሩ ነው» ይላል። መጀመሪያ ስሰማ እነድ ነበር። ቃል ሰው አይገድልም፣ የገደለው መዘግየቱ ነው እያልሁ አስረዳ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ልክ ናቸውና! ደብተሩ ባይኖር ቅዳሜ ጠዋት ትመጣ ነበር፤ ልጁም ዛሬ ሁለት ዓመት ይሞላው ነበር። እነሱ የሚሉበት መንገድና እኔ የምልበት መንገድ ይለያያል እንጂ የደረስንበት ቦታ አንድ ነው።

እናንተ ቋንቋ የምታጠኑ፣ ይህን ዘዴ አትጠቀሙ አልላችሁም። ይሠራል፤ ያን ሁሉ ቃል ልርሳው ብል እንኳ እስከ ዛሬ አልተረሳኝም። ግን ቃላችሁን የምታንጠለጥሉበትን ነገር እዩት። እኔ አሥራ አራት ሴቶችን ግድግዳ ላይ እንዳለ ምስማር አደረግኋቸው። በራቸው ላይ ምን እንደማንጠለጥል አልጠየቅኋቸውም፤ ገብቼ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ ስማቸውን ሰምቼ፣ ወጥቼ ጻፍሁባቸው። ቋንቋቸውን ከእነሱ መማር እየቻልሁ ከእነሱ ተደብቄ በእነሱ ላይ ተማርሁት። ይህን ለማንም ሳልቆጣ መናገር አልቻልሁም፤ ዛሬም አልቻልሁም።

ደብተሩን አቃጠልሁት። ከዚያ በኋላ አገውኛን የተማርሁት በአፍ ነው፤ ከማቆያው ሴቶች ጋር ተቀምጬ፣ እየተሳቀብኝ። ዘንድሮ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም። ወደ ይመኙሻል ቤት ግን ለመሄድ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ስሄድ እማማ ዘውዴ አስገቡኝ፣ ወንበር ሰጡኝ። ያችን ገጽ አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አላነሡትም። ይመኙሻል ጓሮ ድንች እየኮተኮተች ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ በራሷ ቋንቋ፣ ለአንድ ዓመት የተለማመድሁትን ይቅርታ ነገርኋት።

ሰምታኝ ስታበቃ መኮትኮቻዋን አስቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰው ሁሉ ይነግረኛል» አለችኝ በአገውኛ። «አንች ቃል የምትይዥው በሰው ስም ነው አሉ። የኔ ልጅ ክርስትና አልተነሣ፣ ስም አልወጣለት። እሱን በምን ትይዥዋለሽ?»

እያንዳንዱ ቃል ገባኝ።